የአራዳ የጾም ገበታና የከብቱ ትንፋሽ

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያና በፒያሳ ባሉ ምግብ ቤቶች ረቡዕና ዓርብ የሚወጣውን በያይነቱ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትም ሆነ እንቁላል አይነካውም። በአንድ እንጀራ ላይ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣና ስንግ ቃሪያ ይደረደራል። ይህ ገበታ የተዘጋጀው ለሃይማኖት ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ሥጋ ቢቀነስ ይበጃል በሚሉበት በዚህ ዘመን፣ ሰው ያለ ሥጋ በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት እንዴት ጠግቦና ጥሞት ሊበላ እንደሚችል የሚያሳይ ገበታ ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሁዳዴ 55 ቀን ይጾማል። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይዘልቃሉ፤ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ የሐዋርያት ጾም ርዝመት እንደ ፋሲካው አዋዋል ይለያያል። ገሃድ የሚባለው የዋዜማ ጾምም አለ። ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል። ይህ ሁሉ ሲደመር ለምእመናን ወደ 180 ቀን ይጠጋል፤ የፈቃድ ጾሞችን ለሚጨምሩ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ 250 ገደማ ይደርሳል። የጾም ምግብ እንግዲህ የዓመቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን የአዘቦት ምግብ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ እህል ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ስላሉ፣ በጾም ወቅት የፒያሳ ምግብ ቤቶች ምሳ ከወትሮው ዘግይቶም ይበላል። አብዛኞቹ ሥጋ ቤቶች ግን በሁዳዴ በራቸውን ይዘጋሉ።

አራዳ የከተማዋ የምግብ እምብርት የሆነችው ዛሬ አይደለም። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ወደ መርካቶ የተወሰደው በወረራው ዘመን ነው። ከዚያ በኋላም አትክልት ተራ በፒያሳ ቆይቶ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ድንቹንና ጎመኑን ለከተማው ሲያከፋፍል ኖረ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በዚያ የነበሩ ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ከደንበኞቻቸው ጋር ተበተኑ። ቤት ሲፈርስ የቁሌቱ ሙያና የለመደው ደንበኛም አብረው ይበተናሉና፣ ይህ ከሕንፃው ያላነሰ ጉዳት ነው።

ከቀሩት መካከል የሚታወቀው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በእቴጌይቱ የተቋቋመው ይህ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በከፊል በእሳት ተቃጥሎ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ለዓመታትም በፍስክ ቀን ጭምር የምሳ ሰዓት የጾም ቡፌ ሲያቀርብ ቆይቷል። በቡፌው የጾም ቀን ያልሆነበት ኢትዮጵያዊና ሥጋ የማይበላ የውጭ አገር ጎብኚ ጎን ለጎን ተሰልፈው ከአንድ ድስት ይጨልፋሉ። የጣሊያን ዘመን ያስቀረው ፓስታም በአካባቢው ጾም ለምዷል፤ ሥጋው ወጥቶለት በቲማቲም ስጎ ወይም በአትክልት ይቀርባል። ቺዝ የሌለው የጾም ፒዛና ያለ ወተትና እንቁላል የሚጋገር የጾም ኬክም አለ።

የጾም ምግብ ሙያ ዋናው ነገር ሥጋና ቅቤ የሚሰጡትን ጣዕም ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ሥራው የሚጀምረው ከሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ውኃው መጥጦ ሲለሰልስ ዘይት ይገባል፤ በርበሬው ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየታሸ በዝግታ ይበስላል። ቁሌቱ የተቸኮለበት ምስር ወጥ በኋላ በምንም አይጠገንም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፤ መከለሻው የሚነሰነሰው ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው።

ሽሮ የዚህ ሙያ ቁንጮ ነው። ሽምብራው ወይም አተሩ ተለቅሞና ታጥቦ ይታመሳል፤ ተከክቶ ገለባው ይወጣል። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማ፣ ከነጭና ከጥቁር አዝሙድ፣ ለምጥን ሽሮ ደግሞ ከበርበሬ ጋር ደርቆ ወፍጮ ቤት ይወርዳል። ጥራጥሬው አስቀድሞ ስለታመሰና ስለተፈጨ በምድጃ ላይ ብዙ ሳይቆይ ይደርሳል፤ የከተማ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ትኩስ ተጋቢኖ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሽሮ ወዲያ ያሉት ዛሬ በምግብ ቤት ገበታ ላይ እየሳሱ የመጡት ናቸው። ሥልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ጭማቂ ተብላልቶ በሰናፍጭ ይጣፍጣል። እልበት ከባቄላ ዱቄትና ከአብሽ ተመትቶ ነጭና ኩፍ ያለ ይሆናል። የሽምብራ ዓሣ የሽምብራ ሊጥ በዓሣ ቅርጽ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነው። አዚፋ ቀዝቃዛ ምስር በሰናፍጭ ነው። ሱፉ ታሽቶ፣ ተወቅጦና ተጠልሎ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ለፍትፍት ይሆናል። በአውሮፓና በአሜሪካ የገበያ አዳራሾች ከአጃና ከአኩሪ አተር የሚሠራ ‹‹ወተት›› እንደ አዲስ ግኝት ሲሸጥ፣ የሱፍ ውኃ በኢትዮጵያ ገበሬ ቤት ስንት ዘመን እንደኖረ ማሰብ ይገባል። እነዚህ ምግቦች ጊዜና እጅ ስለሚፈልጉ በብዙ ምግብ ቤት ጎመንና ድንች ተክተዋቸዋል፤ ይህም ገበታውን ከፕሮቲን እያራቆተው ነው።

ሥጋን ከአየር ንብረት ጋር የሚያገናኘው ነገር በዋናነት የከብቱ ሆድ ነው። ላም፣ በሬ፣ በግና ፍየል ሣርና ገለባ የሚፈጩት በጨጓራቸው ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ሲሆን፣ በዚህ ሂደት የሚፈጠረው ሚቴን ጋዝ በግሳት ይወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያምቃል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ስሌት፣ ሰው ከሚለቃቸው የሙቀት አማቂ ጋዞች 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜሴክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ከ119 አገሮች የተሰበሰበ የእርሻ መረጃ ይዞ ምግቦችን አነጻጽሯል። ለሥጋ ብቻ ከሚረቡ ከብቶች 100 ግራም ፕሮቲን ሲገኝ በአማካይ 50 ኪሎ ያህል፣ ከዶሮ 6 ኪሎ ገደማ፣ ከአተር ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋዝ ይወጣል። በዚሁ ጥናት የምግብ ማጓጓዣ ድርሻ ትንሽ ነው። የአትክልት ተራ ከፒያሳ መራቅ ከአየር ንብረቱ ይልቅ የሚነካው የጎመኑን ዋጋና ትኩስነት ነው ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛው የቀንድ ከብት ቁጥር ያላት አገር ናት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ አገሪቱ በ2010 ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ጋዝ 65 ሚሊዮን ቶኑ ከእንስሳት እንደመጣ አስልቷል። ከመፍትሔዎቹም አንዱ ሕዝቡ ከበሬ ሥጋ ይልቅ ዶሮ እንዲያዘወትር ማድረግ ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ፍርዱ በጥንቃቄ መሰጠት አለበት። የኢትዮጵያ በሬ በመጀመሪያ አራሽ ነው፤ ሥጋ የሚሆነው ቀንበሩ ሲከብደው ነው። ላሟም ወተት፣ ጥጃና ኩበት ትሰጣለች። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በክፉ ቀን ዘመን ወረርሽኝ ከብቱን ሲፈጀው ሰው ያለቀው ሥጋ በማጣት ሳይሆን የሚያርስ በሬ በማጣት ነው። ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከ10 ኪሎ ያነሰ ሥጋ ሲበላ የዓለም አማካይ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። በገጠር ለፋሲካ ብቻ ሥጋ የሚቀምስን ቤተሰብ ‹‹ቀንስ›› ማለት ግፍ ነው።

ምክሩ የሚመለከተው የከተማውን ተመጋቢ፣ በተለይም በፍስክ ሰሞን ያለውን ልማድ ነው። ኢት ላንሴት የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ለሰውም ለምድርም ይስማማል ያለው የቀይ ሥጋ መጠን በአማካይ በቀን 14 ግራም ነው። ከሥጋ ቤት ጠረጴዛ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚጨርሰው ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በዚህ ስሌት ከአንድ ወር ድርሻ ያልፋል። ጾሙ ሲፈታ የሚመጣው የሥጋ ብዛትም በጾሙ የተቆጠበውን መልሶ ሊበላው ይችላል። በአንጻሩ ቅርጫ ምስጉን ልማድ ነው፤ ጎረቤት በሬውን በጋራ ገዝቶ በመደብ ሲካፈል ሆድ ዕቃው፣ አጥንቱና ቆዳው ሳይቀር ጥቅም ላይ ይውላል።

የጥራጥሬው ሌላ ውለታ በማሳ ላይ ነው። በሽምብራ፣ በባቄላና በምስር ሥር ላይ በሚያብጡ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ፤ ገበሬው ከባቄላ ቀጥሎ ጤፍ ወይም ስንዴ ቢዘራ ኢትዮጵያ በውጭ ምንዛሪ የምታስገባው ማዳበሪያ ይቀንስለታል። በአድአና በምንጃር ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አፈሩ ባቆረው እርጥበት ብቻ አድጎ ስለሚደርስ መስኖ አይፈልግም። ከአንድ ሰሃን ሽሮ በስተጀርባ ያለው ይህ ሁሉ ነው።

የጾም ምግብ ግን ከዕዳ ነጻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ትልቁ የወጥ ቤት ዕዳ ያለው በምድጃው ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶ አልቆ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ ከተማዋን ያስቀራት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም በማገዶ በሚጋገርበት ቤት ትልቁን እንጨት የሚበላው ምጣዱ ነው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃና ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ይህን ለመቀነስ የተሠሩ ናቸው። ኤሌክትሪክ ባለበት፣ የአገሪቱ ኃይል አብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል። በቤት ውስጥ የሚቻለው ቀላሉ ነገር ሙሉውን ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደርና ድስት ከድኖ መቀቀል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘይት ነው። የጾም ወጥ ቅቤውን የሚተካው በዘይት ሲሆን፣ አገሪቱ የምትጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ ይገባል። ሕዝቡ የሚረጋ ዘይት የሚለው የፓልም ዘይት ዋና ምንጮች ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው፤ በዚያ ለፓልም ተክል ሲባል ሰፊ ደን ተመንጥሯል። የአገር ቤቱ ኑግ፣ ሱፍና ተልባ ለጣዕምም ለምድርም ይመረጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ለብዙ ምግብ ቤት አይቀመስም። ዘይቱን ማብዛት ደግሞ የብዙ ምግብ ቤት ልማድ ነውና፣ ከወጡ በላይ የሚንሳፈፈውን መቀነስ ለኪስም ለልብም ይበጃል።

ጤናን በተመለከተ፣ ጤፍና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ የአንዱ ፕሮቲን የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ቢ12 ቫይታሚን ግን ከዕፅዋት አይገኝም። በፍስክ ቀን ጥቂት እንቁላል፣ ወተት ወይም ሥጋ የሚበላ ጤነኛ ሰው ይሟላለታል፤ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ሁሉ የሚርቅ ሰው ግን ቢ12 የታከለበት ምግብ ወይም እንክብል ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው፤ ስለዚህ ለታዳጊ ሕፃን እንቁላልና ወተት መንፈግ በአየር ንብረት ስም ሊመከር አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ጾሙን ሕፃናት ላይ አይጭንም። ጓያ የሚያዘወትሩ ቤቶችም ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል።

ብረትን በሚመለከት የእንጀራው መቡካት ብረት እንዳይወሰድ የሚያግደውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ጎመንና ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከጎኑም ቲማቲምና ቃሪያ መብላት ሰውነት ብረቱን ይበልጥ እንዲወስድ ይረዳል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ያግዱታል፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ያለባት ሴት ከበያይነቱ በኋላ ቡናውን ለአንድ ሰዓት ያህል ብታቆየው ይሻላታል።