ሕዋስን ለዐይን ስለሚገልጥ ቀለም

ከሕመምተኛ ገላ የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ በፎርማሊን ከመበስበስ ተጠብቆ፥ በፓራፊን ሰም ታስሮ፥ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ብቻ እንዲኖረው ተደርጎ ከተቆረጠ በኋላ በመስተዋት ላይ ቢዘረጋም፥ ማይክሮስኮፕ የቱንም ያህል ቢያጎላው የሕዋሱ አስኳል ከዙሪያው አይለይም፤ ሁሉም ብርሃንን ያሳልፋልና። ስለዚህ ሐኪሙ ከመመርመሩ አስቀድሞ ሥጋው መቅለም ይገባዋል፤ ለዚህም ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራበት ጥምር ቀለም ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ነው።

ሄማቶክሲሊን በሜክሲኮ ካምፔቼና በቤሊዝ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ፥ ከውስጠኛው እንጨት የሚወጣ ነው፤ ይኸው እንጨት አስቀድሞ ለአውሮፓ ልብስ ማቅለሚያ በመርከብ ይጫን የነበረ፥ እንግሊዞችንና ስፓኞችን ያጣላ፥ እንግሊዞችንም በቤሊዝ ጠረፍ ያሰፈረ ነው። (የቅኝ ግዛት ታሪክ በወርቅ ብቻ የተሠራ ለሚመስለው ሰው ይህ መልስ ይሁነው።) ነገር ግን ሄማቶክሲሊን ራሱ ቀለም የለውም ለማለት ያስደፍራል፤ የሚያቀልመው በኦክስጅን ተለውጦ ሄማቴይን ሲሆን ነው። ቀድሞ ጠርሙሱን ለአየርና ለብርሃን ትተው ሳምንታት ይጠብቁ ነበር፤ አሁን ለ1 ግራም ሄማቶክሲሊን 0.2 ግራም ያህል ሶዲየም አዮዴት ጨምረው ወዲያው ያበስሉታል፥ መጠኑ ከበዛ ግን ቀለሙ ከብስለት አልፎ ይበላሻል።

ሄማቴይንም ብቻውን አስኳሉን አጥብቆ አይዝም። ዋልደየር የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ያለ ጨው ሞክሮት ውጤቱ ደካማ ሆኖበት ነበር፤ በ1865 ግን ቦሜር አሉም የሚባለውን ጨው ቢጨምርበት ሥራው ሠመረ። በአሉሙ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም፥ በሁለት ወገን መካከል ገብቶ እንደሚያስማማ ሽማግሌ፥ በአንድ ወገን ሄማቴይኑን ይዞ በሌላው ወገን አሉታዊ ሙል ካለው ከዲኤንኤ ጋራ ይተሳሰራል፤ የሙያው ምስጢር በዚህ ተራ ጨው ላይ ነው ብል አጋነንህ የሚለኝ ባለሙያ የሚኖር አይመስለኝም። አስኳሉም መጀመሪያ ቀላ ብሎ ይወጣና አሲድነት በሌለው ውኃ ሲታጠብ ሰማያዊ ይሆናል።

ኢዮሲን ግን ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ሃይንሪሽ ካሮ በ1870ዎቹ ሠራው፥ ቪሶትስኪም በ1876 ከሄማቶክሲሊን ጋራ አጣመረው። ጥቂት አሲድ ሲገባበት ፕሮቲኖችን በሮዝ ቀለም ይይዛል። በሚገባ በተሠራ መስተዋት ላይ ቀይ የደም ሕዋስ ደምቆ፥ ጡንቻው ከርሱ ቀለል ብሎ፥ ኮላጅኑም ይበልጥ ፈዝዞ ሊታይ ይገባል፤ ሦስቱን አንድ ዐይነት ሮዝ አድርጎ የሚያሳይ መስተዋት ለሐኪሙ ሳይቀርብ ለአቅላሚው ቢመለስ ይሻላል።