ስለ ካውንስል ታክስ፤ ከዘመድ ጋር የሚኖር ጉዳተኛ ባለቤት ማወቅ የሚገባው

በእንግሊዝ አገር ኑሮአቸውን ከመሠረቱት ወገኖቻችን መካከል በወጣትነታቸው ቤት የገዙ ብዙ አባቶችና እናቶች ዛሬ አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹም በሕመም ምክንያት ያለ ደጋፊ መንቀሳቀስ አልቻሉም። ልጅ ወይም የእኅት ልጅ ሊጦራቸው ወደ ቤቱ ሲገባ ደስታ ይሆናል። ነገር ግን የካውንስል ታክስ ወረቀት በመጣ ጊዜ «ግብሩ አሁን የማን ነው? እኔ በመግባቴ እናቴን አስጎዳኋትን?» የሚል አሳብ ይነሣል። ለዚህ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ካውንስል ታክስ የተጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ በፊት በያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ ተጥሎ የነበረው ግብር ሕዝቡን ክፉኛ ስላስቈጣ በዚያ ፈንታ ተተካ። የእንግሊዝ ቤቶች በ1991 ዓ.ም. በነበረው የቤት ዋጋ መሠረት ከ«ኤ» እስከ «ኤች» በስምንት ደረጃ ተመድበዋል። ሕጉ ሙሉውን ግብር የሚጠይቀው ዕድሜአቸው 18 ዓመት የሞላ ሁለት ሰዎች በቤቱ እንደሚኖሩ ቈጥሮ ነው፤ ነዋሪው አንድ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ከመቶ 25 ይቀነስለታል። ስኮትላንድና ዌልስም ይህንኑ ግብር ይከፍላሉ፤ ደንባቸው ግን በአንዳንድ ነገር ይለያልና የምንጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ባለዕዳው ይለይ። በቤቱ የሚኖር ባለቤት ከሌላው ነዋሪ ሁሉ ይቀድማል። ስለዚህ ቤቱ በእናት ስም ሆኖ ልጅ ሊጦር ቢገባ፥ ባለዕዳዋ እናቲቱ ናቸው እንጂ ልጁ አይደለም፤ ከኪሱ ቢከፍልላቸውም በጎ አድራጎት ነው። ነገር ግን የቤቱ ሰነድ በሁለቱም ስም የተጻፈ እንደ ሆነ ሁለቱም ለጠቅላላው ዕዳ ተጠያቂዎች ናቸው፤ ካውንስሉ ከፈለገው ከአንዱ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል። እንዲሁም አብሮ የሚኖር የትዳር ጓደኛ፥ ስሙ በሰነዱ ባይኖርም፥ የዕዳው ተካፋይ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሚቀጥለው ነገር ነው። የአካል ጉዳተኛ መሆን ብቻውን ከካውንስል ታክስ ነጻ አያወጣም። እግሩ የማይንቀሳቀስ ወይም ዓይኑ የማያይ ሰው በቤቱ ቍጥር ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው ይገባል። ሕጉ የከፈታቸው በሮች ግን ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ ቤቱ ነው። ጉዳተኛው በቤት ውስጥ የሚጠቀምበት ተሽከርካሪ ወንበር የሚዘዋወርበት በቂ ስፍራ ካለ፥ ወይም ስለ ጉዳቱ ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት ወይም ሁለተኛ ማድቤት አስፈልጎት ከተሠራ፥ ወይም ሌላ ክፍል በተለይ ለጉዳቱ አስፈላጊ ሆኖ ይበልጡን እርሱ የሚጠቀምበት ከሆነ፥ ግብሩ ቤቱ አንድ ደረጃ ዝቅ እንዳለ ሆኖ ይታሰባል። የመጨረሻው ደረጃ «ኤ» እንኳ የራሱ ቅናሽ አለው። ጉዳተኛው ባለቤቱ ራሱ መሆን የለበትም፤ በዚያ ቤት የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ቢሆንም ይበቃል።

ሁለተኛው በቤቱ ስለሚቈጠሩት ሰዎች ነው። በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የሚያስታምም አብሮ ነዋሪ ከቍጥር ይወጣል። ይህም የሚሆነው ታማሚው በሕግ ከተዘረዘሩት የጉዳተኞች ድጎማዎች አንዱን፥ ለምሳሌ አቴንዳንስ አላዋንስን፥ የሚቀበል ሲሆን ነው። አስታማሚው የታማሚው የትዳር ጓደኛ ወይም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ታማሚ ልጅ ወላጅ መሆን የለበትም። አስታማሚው ስለ ድካሙ ከመንግሥት አበል እንዲቀበል ግን ሕጉ አያስገድድም። እንደዚሁም የማስተዋል ኀይሉ በጽኑ የተጐዳ፥ ጉዳቱም ዘላቂ የሆነ ሰው፥ ሐኪም ከመሰከረለትና ከተወሰኑት ድጎማዎች አንዱ የሚገባው ከሆነ ከቍጥር ይወጣል፤ በእርጅና ምክንያት አእምሮአቸው የደከመ ወላጆች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይገባሉ።

ሦስተኛው ስለ ገቢ ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነ ባለቤት ከካውንስሉ ተጨማሪ የግብር ቅናሽ ሊለምን ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጡረታ ላልደረሱት እያንዳንዱ ካውንስል የራሱን ደንብ ያወጣል፤ ለጡረተኞች ግን ደንቡ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው። በቤቱ የሚኖር ዐዋቂ ዘመድ ይህን ቅናሽ ሊያሳንሰው ይችላል፤ ሆኖም ጡረተኛው ዓይነ ስውር ከሆነ ወይም አቴንዳንስ አላዋንስ ከተቀበለ በዘመዱ ምክንያት አይቀነስበትም።

ነገሩን በቍጥር ለማየት አንድ ቤት በአሳብ እንሥራ። እናት ቤታቸው በደረጃ «ዲ» ሆኖ ሙሉ ግብሩ 1,800 ፓውንድ ነው እንበል። በቤት ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ይዘዋወራሉና ግብሩ በደረጃ «ሲ» ታስቦ 1,600 ፓውንድ ይሆናል። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው በሳምንት 35 ሰዓት ታስታምማለችና አትቈጠርም፤ እናት ብቻቸውን እንደሚኖሩ ተቈጥሮ ከመቶ 25 ሲቀነስ 1,200 ፓውንድ ይቀራል። እናት አእምሮአቸው ደክሞ እርሳቸውም ከቍጥር ቢወጡ ቅናሹ ከመቶ 50 ይሆንና ግብሩ 800 ፓውንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅቱ በመግባትዋ እናትዋን አላስጎዳችም።

እናት ቤታቸውን ዘግተው ለመታመም ወደ ልጃቸው ቤት ቢሄዱስ? ለመታመም እንደ ሄዱ ከተገለጠ፥ ባዶ የቀረው ቤታቸው ከግብር ነጻ ይሆናል። እንዲሁም ልጅ በግቢው ራሱን የቻለ ቤት ሠርቶ ዕድሜአቸው ከ65 ዓመት ያለፈውን ወይም ጽኑና ዘላቂ ጉዳት ያለባቸውን ጥገኛ ወላጁን ቢያስቀምጥበት፥ ያ ቤት ለብቻው ግብር የተመደበለት ቢሆንም ነጻ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው፤ በዚህ ነገር ግን ዝምታ ይነቅዛል። የግብር ጸሐፊ የማንንም ጓዳ ገብቶ አያይም፤ ቅናሹ የሚገኘው ሲጠየቅ ነው። ወረቀቱ ይሞላ፤ የሐኪም ምስክርነትና የድጎማው ደብዳቤ አብሮ ይላክ፤ መብቱ የጀመረበትም ቀን ይጻፍ። ዘመድ በገባም ጊዜ ይነገር፤ የብቻ ነዋሪን ቅናሽ ያለ አግባብ ሲቀበሉ መቈየት ኋላ የተከመረ ዕዳ ያመጣልና። ካውንስሉ ቢከለክል ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ መቃወም ይቻላል፤ በሁለት ወር ውስጥ መልስ ባይሰጥ ወይም መልሱ ባያረካ፥ የእንግሊዝ የግምት ዳኝነት ጉባኤ አቤቱታውን ያለ ክፍያ ይሰማል።

ወላጅን መጦር ከልጅነታችን የተማርነው ግዴታ ነው። ሕጉም ለጧሪው ቅናሽ ካዘጋጀ፥ ወረቀቱን ሞልቶ መጠየቅ የመጦሩ ሥራ አንድ ክፍል ነውና ዛሬ ማታ ያ ደብዳቤ ከመሳቢያ ወጥቶ ይነበብ።