የሮቦቲክስ ቡድኖች ካርታ ምን ያሳያል?

ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው። በአካባቢው በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በመንገዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ የአዳማው አቻው ይገኛሉ። በመካከል ባለችው ቢሾፍቱ ታዳጊዎች በተግባር የሚሠለጥኑበት የስቴም ማዕከል አለ። የተማሪዎች ሮቦቲክስ ቡድኖች በካርታ ቢሰፍሩ ነጥቦቹ በእንዲህ ያሉ ተቋማት ዙሪያ መከማቸታቸው አይቀርም።

ሮቦት ለመሥራት ሞተር፣ ሴንሰር፣ ኮምፒውተር፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ ከሁሉም በላይ ስህተት የሚያርም አሠልጣኝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ካርታው የሚጠቁመው ቤተ ሙከራ ያለበትን እንጂ ተሰጥኦ ያለበትን ቦታ አይደለም። ባዶ የሚታይ ወረዳ ፍላጎት እንደሌለው ከተቆጠረ፣ ቀጣዩ መሣሪያም ቀድሞ ወደ ደረሰበት ይሄዳል።

ዓለም አቀፉ ሥዕል ደግሞ ይበልጥ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን የተጀመረው የፈርስት ግሎባል ውድድር ከእያንዳንዱ አገር አንድ ቡድን ብቻ ስለሚጋብዝ፣ መላዋ ኢትዮጵያ በአንዲት ነጥብ ትወከላለች።

በመሆኑም ካርታው ከቡድኑ ስም ጎን አባላቱ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፣ የሚሠሩበትን ቤተ ሙከራና በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ቢይዝ ይመረጣል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰበሰብ ቡድን የአጥር ጎረቤት ልጆች ስብስብ ይሁን ከሩቅ ወረዳ የሚመላለሱ ተማሪዎች፣ የሚለየው በዚህ ነው።