ኔትወርክ እስኪመጣ የሚጠብቅ ደብዳቤ

በኦንላይን የሚሰጥ የጽሑፍ ኮርስ ከሌላው ኮርስ የሚለየው፣ ተማሪው ለመምህሩ የሚልከው መልእክት ሁሉ ራሱ የትምህርቱ ክፍል መሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን እጁን አውጥቶ ወይም ቢሮ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀውን፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ ዳባት ወይም ደባርቅ ተቀምጦ በጽሑፍ ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ ከቴሌግራም ይልቅ ኢሜይል ይበልጣል ባይ ነኝ።

ኢሜይል ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ አይሄድም። የላኪው ሰርቨር ለተቀባዩ ሰርቨር ያስረክባል፤ መልእክቱም ባለቤቱ እስኪከፍተው እዚያው ይቆያል። የተቀባዩ ሰርቨር ካልተገኘ የላኪው ደጋግሞ ይሞክራል፤ የአሠራር ደንቡ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ሳይታክት እንዲሞክር ይመክራል። አገራችን ኢሜይልን ያወቀችው በዚሁ ትዕግሥቱ ነው። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በጥር 1989 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ መልእክቶችን አጠራቅሞ በስልክ መስመር ይልክ ነበር። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ለሚጠፋበት ለስሜን ተራሮች ግርጌ ይህ ጠባይ ዛሬም ይስማማል።

መጠበቁን ግን ቴሌግራምም ይችላል። ኢሜይልን የሚለየው ቅርጹ ነው፤ ይህን ቅርጽ ደግሞ የእኛ ሰው ከጥንት ያውቀዋል። ለቀበሌ ወይም ለወረዳ ማመልከቻ ያስጻፈ ቤተሰብ ልጅ «ጉዳዩ፦» የሚለውን መስመር፣ ከታች የሚሰፍረውን «ግልባጭ»፣ ተያይዞ የሚሄደውን «አባሪ» አይቷል። ኢሜይልም ያንኑ ቦታ ያዘጋጃል። ተማሪው ዝም ብሎ «ሰላም ቲቸር፣ አሳይመንቱ አልገባኝም» ብሎ ሲልክ መምህሩ የትኛው ኮርስ፣ የትኛው ክፍል፣ የቱ አሳይመንት እንደሆነ መልሶ ይጠይቃል፤ ኔትወርክ እየተቆራረጠ አንድ ጥያቄ ሦስት ቀን ይፈጃል። እንዲህ ቢጽፍስ?

«ጉዳዩ፦ ሁለተኛው ድራፍት፣ 3ኛ አንቀጽ። ጤና ይስጥልኝ መምህር። በላኩልኝ እርማት ላይ ማስረጃው ከሐሳቡ ጋር አልተያያዘም ብለዋል። የዋልያው ቁጥር የቀነሰበትን ምክንያት ወደ 2ኛው አንቀጽ ባዛውረው ይስተካከላል? ወይስ አዲስ ዓረፍተ ነገር ልጨምር? ድራፍቱን አያይዣለሁ።» ከሥር ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር።

ይህን የጻፈ ተማሪ መልስ ሳይደርሰው ግማሹን ተምሯል። ችግሩን ለይቶ አይቷል፣ ሁለት መፍትሔ አስቧል፣ ለማን እንደሚጽፍ አውቆ ቃላቱን መርጧል። ጽሑፍ ማስተማር ማለት ከዚህ የራቀ ነገር አይመስለኝም። መምህሩም ሲመልስ የቀድሞው መልእክት ከሥር ተያይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ድራፍት፣ እርማቱና የተሻሻለው በአንድ ክር ተሰክተው ይቀመጣሉ። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዲህ ያለ እርማት በማግሥቱ በሌላ ወሬ ተውጦ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። ብዙ ወጣት ኢሜይሉን ያወጣለት የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ለምዝገባ ተብሎ ተከፍቶ የይለፍ ቃሉ ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ተማሪው አድራሻውን በገዛ ስሙ ራሱ ማውጣት፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ መያዝ አለበት።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን በዘጋ ጊዜ ትምህርት በርቀት ይቀጥል ሲባል ዝግጅቱ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ታይቷል። የቪዲዮ ስብሰባ ሰፊ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ሁለት ገጽ ድራፍት ግን በደካማ መስመርም ያልፋል። የጽሑፍ ኮርስ የምታዘጋጁ መምህራን፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አሳይመንት ለእናንተ የሚጻፍ አንድ በቅጡ የተዘጋጀ ኢሜይል አድርጉት፤ አርማችሁም መልሱላቸው። የማስረከቢያ ቀነ ገደቡን ስትወስኑም ኔትወርክ ለሚጠፋበት ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩበት።