ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ቼይንሶው ለምን ይጮኻል?

ደብረ ብርሃን ባሕር ዛፍ ሲጥል የከረመ ቼይንሶው ፕሮሶፒስ ለመመንጠር ወደ አፋር ተጭኖ ይወርዳል እንበል። እዚያ ሲነሳ ድምፁ ቀጭንና ሹል ነው፣ ዙሩም ከወትሮው ይበልጣል። ባለቤቱ "ሙቀቱ ተስማማው" ይላል። አልተስማማውም። የሚጮኸው ቤንዚን አንሶት ነው፤ እንደዚያው ከተሠራበት ፒስተኑ ተፋፍቆ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር መግዛት ነው፣ እስኪገኝ ደግሞ ሥራ መፍታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ መጋዝ እዚያ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ጉልበት ያንሰዋል። መካኒኩ ታዲያ የካርቡሬተሩን ብሎን ትንሽ ጠበቅ ያደርግለታል። ትክክል ሠራ፤ ግን ልኩ የደጋ ልክ ነው። አሚባራ አካባቢ ከፍታው 750 ሜትር ገደማ ነው፤ የቆላው ሙቀት ታስቦ እንኳ አየሩ ከደብረ ብርሃኑ ወደ 20 በመቶ ይወፍራል። አየሩ ጨመረ፣ የቤንዚኑ ቀዳዳ ግን እንደጠበበ ቀረ።

መኪና የሞተር ዘይቱ ለብቻው ስለሆነ ትንሽ ይታገሳል። ቼይንሶው ግን ባለ ሁለት ምት ነው፤ ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፣ በዚያ ላይ ይግላል። አንዳንዱ ሰው ታዲያ መፍትሔ መስሎት ዘይቱን ያበዛል። ይሄ ጭራሽ ያብሰዋል፤ በዚያችው ጠባብ ቀዳዳ ዘይት በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፣ በቃ።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ፊልትሮና ቱቦዋን እዩ። ጋዝ ስትለቁ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ወይም ሚኒሞው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ብሎን ማዞር በሽታውን መሸፈን ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ብሎኖቹ እንሂድ። "ኤል" የዝቅተኛ ዙር ነው፣ "ኤች" የከፍተኛ። ሁለቱም ወደ ግራ ሲዞሩ ቤንዚን ይጨምራሉ። ሦስተኛው የሚኒሞ ብሎን ነው። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ሰንሰለቱ ምንም እንዳይነካ አድርጉ። መጀመሪያ ኤልን ጋዝ ስትሰጡ ሳያመነታ እስኪነሳ አስተካክሉ። ከዚያ ሚኒሞውን፤ ጋዝ ሳትይዙ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ኤች ላይ ነው ጥንቃቄው። ጋዙን እስከ መጨረሻ ያዙ፣ ግን ከሁለት ሦስት ሴኮንድ አትለፉ። ብሎኑን የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ወደ ግራ፣ እንደገና ማዳመጥ። ያ ሹል ጩኸት ተሰብሮ ቆረጥ ቆረጥ ማለት ሲጀምር ደርሳችኋል። አሁን እንጨት ላይ አሳርፉት፦ ሸክም ሲያገኝ ድምፁ መጥራት አለበት። እየቆረጠም ከተንተባተበ በዝቷል፣ በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ መልሱ። የሚያሳስት ነገር አለ፦ አንዳንድ መጋዞች ዙር የሚገድብ ኮይል ስላላቸው ቤንዚን አንሷቸውም ይንተባተባሉ። ስለዚህ የዙር መለኪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ በመመሪያው ቁጥር አስለኩት። ካንዴላውም ይናገራል፤ ነጭ ከሆነ አንሶታል፣ የቡና ቀለም ከያዘ ደህና ነው።

እንደ ስቲል ኤም-ትሮኒክና ሁስክቫርና አውቶቱን ያሉት ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ የኤልና የኤች ብሎን አትፈልጉባቸው። የሌሎቻችሁ ግን ስንት እንዳዞራችሁ ጻፉት፤ ደብረ ብርሃን ሲመለስ ማጨሱ አይቀርም፣ ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ ትመልሱታላችሁ።