ረጅም ጆሮ ያላት የባሌ የሌሊት ወፍ

ስሟ «ወፍ» ይባል እንጂ የሌሊት ወፍ ልጇን ጡት የምታጠባ እንስሳ መሆኗን ውድ አንባብያን ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናነሣት ዝርያ ደግሞ በጆሮዋ ትለያለች። ፕሌኮተስ በተባለው ወገን የሚመደቡት የሌሊት ወፎች ጆሯቸው የአካላቸውን ርዝመት ሊያህል ጥቂት ነው የሚቀረው። ለምን ይህን ያህል ረዘመ?

መልሱን ከድምፅ ባሕርይ እናገኘዋለን። ነፍሳትን የሚመገቡ የሌሊት ወፎች የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ያሰማሉ፤ ነጥሮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ በማዳመጥም በጨለማ ያድናሉ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1 ሜትር ርቆ ካለ ነገር የሚነጥረው ድምፅ ከ6 ሺኛ ሰከንድ በኋላ ይመለሳል። የ40 ሺህ ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.5 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ የእሳት እራትን ከሚያህል ነፍሳት ነጥሮ ሊመለስ ይችላል።

ይሁን እንጂ ብዙ የእሳት እራቶችም ይህን ድምፅ ሰምተው ያመልጣሉ። ስለዚህ ባለረጅም ጆሮዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንሾካሹካሉ። ከደካማ ድምፅ የሚመለሰው ማሚቶ ይበልጥ ደካማ ነውና እርሱን ለመሰብሰብ ሰፊ ጆሮ ግድ ይላል። ያው ጆሮ ነፍሳት በቅጠል ላይ ሲንቀሳቀሱ የሚፈጠረውን ኮሽታም ይለያል። ሰፊ ክንፋቸው በዛፎች መካከል በዝግታ ለመብረርና ነፍሳቱን ከቅጠል ላይ ለመልቀም ያመቻቸዋል።

በአገራችን የሚገኙት ባለረጅም ጆሮዎች ቀድሞ በአውሮፓ ከሚታወቀው ግራጫ ዝርያ ጋር ይቆጠሩ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ክሩስኮፕና ላቭሬንቼንኮ የተባሉ ሩሲያውያን ተመራማሪዎች በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት ከሚገኘው የሐረና ደን የተገኘችውን የሌሊት ወፍ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን ገልጸው ፕሌኮተስ ባሌንሲስ አሏት። የምትታወቀውም ከደጋማው ምድራችን ነው።

ታዲያ የመኖሪያዋን ወሰን በካርታ ላይ በትክክል ማስመር ለምን ያስቸግራል? ከእሳት እራት የሚሰውራት ሹክሹክታ ከእኛም ይሰውራታል። ቀጭን ድምፅ በአየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚደክም፣ የሚያንሾካሹክ የሌሊት ወፍ ድምፅ መቅጃ መሣሪያችን ላይ የሚደርሰው እጅግ ስትቀርብ ብቻ ነው። ስለሆነም በአንድ ደን ውስጥ ድምፅዋ አለመሰማቱ አለመኖሯን አያረጋግጥም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ለእርሻ የሚደረግ ምንጣሮ፣ የሰደድ እሳትና ልቅ ግጦሽ ደኑን ይፈታተኑታል። ወሰኗን ሳናውቅ ደኑ ከጠፋ ምን እንዳጣን እንኳ ለመናገር አንችልም። በየደጋው ትምህርት ቤት የምትገኙ ተማሪዎች ወደፊት ይህን ጥናት ትረከባላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።