የዓሣ ገንዳ ውሃ አሲዳማ ሲሆን አትቸኩሉ

ቤታችሁ ውስጥ ዓሣ የምታሳድጉ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት ስገባ የታናሽ ወንድሜን የዓሣ ገንዳ ውሃ ለካሁት። ገንዳው 60 ሊትር ይይዛል፤ ፒኤቹ ወደ 6 ወርዷል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ አይደለሁ? ቤኪንግ ሶዳ በሾርባ ማንኪያ ጨመርኩበት። ፒኤቹ ወዲያው ወደ 8 ተጠጋ። በማግስቱ ጠዋት ከስድስቱ ዓሦች አራቱ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ወንድሜ «ትናንት ደህና አልነበሩ እንዴ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ፒኤች 7 ሲሆን ውሃው ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲዳማ ይባላል። በአንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ለምን ይወርዳል?

የዓሦቹ እዳሪና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። በማጣሪያው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ሲለውጡ አሲድ ይፈጠራል። አሲዱን የሚያከሽፈው ውሃው ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔት ነው፤ መጠኑ ኬኤች ተብሎ ይለካል። ኬኤች እንደ ስንቅ ነው፤ በየቀኑ ይቀነሳል። ውሃው ሳይቀየር ከቆየ ስንቁ ያልቃል፤ ያኔ ፒኤች በፍጥነት ይወድቃል።

ዓሦቹን ምን ገደላቸው?

ፒኤች ወደ 6 ሲጠጋ ባክቴሪያዎቹ ስለሚዳከሙ አሞኒያው ይከማቻል። በአሲዳማ ውሃ ግን አብዛኛው ጉዳቱ አነስተኛ በሆነው አሞኒየም መልክ ይቆያል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲጨምር መርዛማው አሞኒያ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። እኔ ከ6 ወደ 8 ስወስደው መርዙን ወደ 100 እጥፍ አሳደግኩት ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

1. ከፒኤች ጋር አሞኒያና ኬኤችንም ለኩ።

2. አሞኒያ ካለ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ብቻ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ ክሎሪኑን አስወግዱ።

3. አሞኒያው ከጠፋ በኋላ ኬኤች ከ3 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ለ50 ሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ በቀን አንዴ ጨምሩ። ይህ ኬኤችን በ1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ 4 ሲደርስ አቁሙ። ቤኪንግ ፓውደር ግን አሲድ ስላለበት አይሆንም።

4. ለዘለቄታው ጥቂት የኖራ ድንጋይ ጠጠር ማጣሪያው ውስጥ አስቀምጡ፤ ውሃው አሲዳማ ሲሆን በዝግታ ይሟሟል። ለግንባታ የሚሸጠው የኖራ ዱቄት ግን ዓሦቹን ይገድላል።

5. በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መግቡ፤ በየሳምንቱም የተወሰነ ውሃ ቀይሩ።

7 ላይ ካልደረሰ ብላችሁም አትጨነቁ። ለብዙ ዓሦች የተረጋጋ 6.5 ከሚዋዥቅ 7.5 ይሻላል። በእጃችን ያለ እንስሳ አማና ነው፤ ከማከማችን በፊት ምን እንደሆነ እንወቅ።